ከሁሉ የባሰው ረድፍ

በእኛ ሰፈር ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር በአፉ የሚጠራ ሰው የለም። «ከላሞችህ የትኛዋ ጥሩ ትታለባለች?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የከሳችውን ያሳያል። «ከልጆችሽ የትኛው ጎበዝ ነው?» የተባለች እናት «ኧረ ምን ጎበዝ አላቸው፣ ሁሉም እንቅልፋም ናቸው» ትላለች። እኔ ስድስተኛ ክፍል አንደኛ የወጣሁ ጊዜ አዬ ለጎረቤቶቻችን «ተመስገን፣ ሶርሳ ከመውደቅ ተርፏል» ብላ ነው የነገረቻቸው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ካርዴን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። ስሟ አልጋነሽ ነው፤ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ግን አክስቴ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። ቤታችን ከጉኑኖ ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ይርቃል። አንድ ጊዜ ይህ ሁሉ መደበቅ ቡዳ ፈርታ እንደሆነ ጠይቄያት ነበር።

«እኔ የቃለ ሕይወት ምዕመን ነኝ» አለች ተቆጥታ። «በቡዳ አላምንም። ግን ዝም ማለት ማንን ጎዳ?»

ስለ አራተኛው ረድፍም ዝም ያለችው እንደዚሁ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የእንሰት አጠውልግ በሽታ ሰፈራችን ገባ። በሽታው መጀመሪያ መሐል ያለውን ቅጠል ቢጫ ያደርገዋል። ቀጥሎ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይሰበራሉ። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ይወጣዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሁሉም ሰው ጓሮ ባዶ ሆነ። እንሰት እንደ በቆሎ ተዘርቶ በዚያው ዓመት አይበላም፤ አምስትና ስድስት ዓመት ይጠበቃል። ያን ጊዜ ስንት ቤተሰብ ተበተነ። በአዬ ጓሮ አንድ እንሰት ብቻ ሳይሞት ቀረ። ለማንም ሳትናገር ጠበቀችው። ሲደርስ ሥሩን ቀብራ ችግኝ አወጣችበት፤ ከችግኞቹ አሥራ አራት ጸደቁ። ሌላው ሰው ከየገበያው ገዝቶ የተከለው እንሰት ዛሬም ይታመማል። የእሷ አሥራ አራቱ አንድ ቀን ታመው አያውቁም።

«ሲደርሱ ሥራቸውን እቀብርና ለሁሉም ጓሮ አካፍላለሁ» ብላ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። «እስከዚያ አፍህን ዝጋ።»

አፍ መዝጋት ለእኔ አይከብደኝም። የሚከብደኝ መክፈት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የእንሰት ፕሮጀክት በሰፈራችን በአሥር ጓሮዎች ሙከራ ጀመረ። አራት ዓይነት ችግኝ አምጥተው በአራት ረድፍ ተከሉ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ የባለቤቱ የራሱ እንሰት በአንድ ረድፍ ይቆጠር አሉ። በአዬ ጓሮ አሥራ አራቱ በአንድ መስመር የቆሙ ስለነበሩ ፊታቸው ላይ ታፔላ ተተከለ፦ ቁጥር አራት። አዬም ውሉ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። በመጨረሻ የትኛው ረድፍ እንደሚቀርና የትኛው እንደሚነቀል የሚወስነው ፕሮጀክቱ እንደሆነ፣ ለተነቀለውም ምትክ ችግኝ እንደሚሰጥ ውሉ ይናገራል። ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

መዝጋቢ አድርገው የቀጠሩኝ አቶ ደግፌ የሚባሉ ባለሙያ ናቸው። ከደብረ ብርሃን መጥተው ሶዶ ላይ ነው የሚኖሩት። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ቢሆንም ፊደል አልሳሳትም፤ የአንድን ቃል አጻጻፍ ካላወቅሁ እስካውቀው ድረስ አልጽፈውም። እሳቸውም የወደዱት ይህንን ነው። ችግሩ ቅጹ በእንግሊዝኛ የሚሞላ መሆኑ ነበር።

«እዚህ ቅጽ ላይ ሥራህ ማወዳደር ነው» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የመኪናውን ኮፈን ጠረጴዛ አድርገን ቆመን። «ሁለት ረድፍ ስታወዳድር ቶለር ትላለህ። ከሁለት በላይ ሲሆን ዘ ቶለስት። ‹ዘ› የምትለዋን እንዳትረሳ።»

«እሺ።»

«አጭር ቃል ከሆነ መጨረሻው ላይ ትቀጥላለህ። ረጅም ከሆነ ፊቱ ላይ ሞር፣ ሞስት ታደርጋለህ። ሁለቱን አንድ ላይ ካመጣህ ግን ተጣላን። ከአንተ በፊት የነበረው ልጅ ‹ሞር ቤተር› ብሎ አርባ ገጽ ሞልቶ ውጭ አገር ድረስ አሳቀብኝ።»

«እሺ።»

«ከእሺ ሌላ ቃል የለህም እንዴ አንተ?»

«አለኝ» አልኩ፤ ሌላ ግን አልመጣልኝም። እሳቸው ሳቁ።

ደብተር ገዝቼ ሁሉንም ጻፍኩ። ቢግ ሲቀጠል ጂው ሁለት ይሆናል። ሄልዚ፣ ጤነኛ ማለት ነው፣ ሲቀጠል መጨረሻው ያለው ዋይ ወደ አይ ይለወጣል። ለጥሩ፦ ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት። ለመጥፎ፦ ባድ፣ ወርስ፣ ወርስት። በአማርኛም በወላይትኛም ስናወዳድር ቃሉ እንደነበረ ይቀመጣል፤ «ከዚህ ይህ ትልቅ ነው» እንላለን፣ ትልቅ ያው ትልቅ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ራሱ ያድጋል። ደስ አለኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ አቶ ደግፌ በቀይ እስክሪብቶ ያረሙብኝ አሥር ቦታ አይሞላም።

ባለፈው ግንቦት የመጨረሻው ምዘና ሆነ። ገበሬው ራሱ ረድፎቹን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያወጣል፤ እኔ እመዘግባለሁ። በአዬ ተራ ጊዜ ጎረቤቶቻችን ቦልቴና አንጁሎ ሊያዩ መጥተው አጥሩ ላይ ተደግፈዋል። ሁለቱም ከአዬ ጋር አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው።

«እማማ፣ ከአምስቱ የትኛው ይበልጣል?» አሉ አቶ ደግፌ።

አዬ ረድፎቹን እንደ እንግዳ ዞራ አየች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው። «ሁለት ቁጥር ጥሩ ነች» አለች። «እሷ ይሻላል።»

«ከሁሉ የባሰውስ?»

በአገጯ ወደ አሥራ አራቱ ጠቆመች። «ያ አራቱ። እሱ ዝም ብላ ቆሟል እንጂ ምንም አይረባም።»

«ኧረ እሱስ ከንቱ ነው» አለ ቦልቴ ከአጥሩ።

«ለከብት እንኳ አይሆንም» አለ አንጁሎ።

አቶ ደግፌ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍ።»

እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩ። አዬ የተናገረችው ለጎረቤት የሚነገረውን ነበር። እሳቸው የሚሰሙት ለወረቀት የሚነገረውን ነበር። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ እዚያ ጓሮ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። «አይደለም፣ የሚበልጠው ቁጥር አራት ነው» ብል አዬን በጎረቤት ፊት ውሸታም ማለቴ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደበቀችውንም መጥራቴ ነው። ነገ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ጻፍኩ። ሮው ቱ ዘ ቤስት። ሮው ፎር ዘ ወርስት። አቶ ደግፌ ቅጹን አዩና ጀርባዬን መታ አደረጉኝ። «አንድ ስህተት የለበትም!»

በማግስቱ አልነገርኳቸውም። በሳምንቱም አልነገርኳቸውም። ሁለት ጊዜ አጠገባቸው ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ወረቀት ማለቅ አውርቼ ተመለስኩ።

በሐምሌ በሽታው በቦልቴ ጓሮ እንደገና ታየ፤ እንሰቶቹ ሁሉ ተነቀሉ። የዚያን ሰሞን አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባዶ ቅጽ ለማምጣት ሶዶ ወደሚገኘው የፕሮጀክቱ ቢሮ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ አዲስ ዝርዝር ተለጥፏል። በሽታው እንዳይዛመት በሙከራ ጓሮዎች ውስጥ ገበሬው አንደኛ ያለው ረድፍ ብቻ ይቅር፣ ሌላው ተነቅሎና ተቆራርጦ ይቀበር ይላል። የአዬ ስም ከላይ ሦስተኛው ነው። ይቅር፦ ሁለት። ይነቀል፦ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቀኑ ያው ማክሰኞ ነበር።

ሰዓቱን አየሁ። ሦስት ሰዓት አልፏል። ቆፋሪዎቹ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚወጡት።

አቶ ደግፌ ጋ ደወልኩ። ስልካቸው አይጠራም፤ ወደ እኛ በኩል ሲገቡ ኔትወርክ የለም። አምስት ጊዜ ደወልኩ። ከዚያ መረጃ ክፍል ገባሁ። ኃላፊዋ ወይዘሪት ትህትና ናቸው።

«ቁጥር አራት መነቀል የለበትም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አልክ?»

«የወይዘሮ አልጋነሽ። አራተኛው ረድፍ። እሱ ነው… እሱ ይሻላል።»

ፋይል አውጥተው ገለጡ። «ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«ዘ ወርስት ይላል። አጣርተህ ነው የጻፍከው። ኤሱም ቲውም በቦታቸው ናቸው።»

«አዎ። ግን እሷ እንዲህ ያለችው… እኛ ሰፈር…» ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራቸው? እኛ ጥሩውን መጥፎ እንላለን ልበል? ያ ከሆነ የአሥሩም ጓሮ ወረቀት ውሸት ሊሆን ነው።

«ወንድሜ» አሉ ድካም በሞላው ድምፅ፣ «አክስትህ ናቸው መሰለኝ እንዲህ የሚያስጨንቁህ። ዘመድህ ሲነካ መረጃ አይለወጥም። የመመዝገብ ስህተት ነው ካልክ በጽሑፍ አድርገውና ፈርም። ግን እወቀው፤ እንዲህ ያለ ስህተት የፈረመ መዝጋቢ ሁለተኛ ቅጽ አይነካም።»

ወረቀት ለመንኳቸው። «የወይዘሮ አልጋነሽን ረድፍ ቁጥር አራት በስህተት የመዘገብኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ አንድ ፊደል ሳላየው ያለፍኩት ያን ወረቀት ብቻ ነው።

«ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ ማህተም ሲያርፍበት ይተላለፋል» አሉኝ።

«አሁን እየቆፈሩ ነው እኮ!»

«ታዲያ እኔ ልሩጥ?»

ራሴ ሮጥኩ። መናኸሪያ ደርሼ የጉኑኖ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሁለት ሰው ይጎድላል። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ሸንኮራ ይግጣል። «እባክህ ይነሳ» ለማለት አሥር ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ጎኔ የተቀመጠች ሴት «ልጄ፣ አሞሃል?» አለችኝ። ወረድኩ። መንገድ ዳር የቆመ አንድ ባለ ሞተር ልብሱን ያዝኩና «ውሰደኝ!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ደነገጠ።

«ሰው ሞቶብህ ነው?»

«አልሞተም ገና።»

ዝናቡ ከመንገዱ ግማሽ ላይ ያዘን። ጭቃው ሁለት ጊዜ ጣለን። ከጉኑኖ ወዲያ ሞተሩ አልወጣ ሲል ትቼው በእግሬ ሮጥኩ። እየሮጥኩ እቆጥራለሁ፤ አሥራ አራት፣ አንዱን ለመንቀል ስንት ደቂቃ? ሁለት ቆፋሪ ቢሆኑ? በአንደኛው ረድፍ ቢጀምሩ? ሦስት ላይ ቢሆኑ? እግዚአብሔር ሆይ፣ ሦስት ላይ ይሁኑ።

አራት ላይ ነበሩ።

የፕሮጀክቱ መኪና በራችን ላይ ቆሟል። ጓሮ ስገባ ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ መሬት ላይ ተጋድመዋል፤ ሥራቸው ተቆራርጦ ወደ ጉድጓዱ እየተጣለ ነው። አራት ጎልማሶች ይቆፍራሉ። ቦልቴና አንጁሎ አጥሩ ጋ ናቸው፤ ቦልቴ መሬት መሬት ያያል። አዬ ከቤቱ ጥግ ሻሿን አጥብቃ ቆማለች። ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል፤ አትጠርገውም።

«ቆፍሩ፣ ቆፍሩ» ትላለች። «እሱ ምን ይሠራል። ቦታ ነው የያዘብኝ።»

አሥረኛው ወደቀ።

«እንኳን ተነቀለ» አለች። ድምጿ ተሰበረ። «እንኳን… ከንቱ።»

አየችኝ። ለማንም የማትለውን በዓይኗ ለእኔ አለችኝ፤ ግን አፏ «ከንቱ» ማለቱን አላቆመም። እስከ መጨረሻው እንሰት ድረስ እንደማታቆም ያን ጊዜ ገባኝ። ጥሩ ናቸው ብትል እንሰቶቹን የምትገድለው ራሷ ይመስላታል። ዝም ስትል ሌላ ሰው ነው የሚገድለው።

አቶ ደግፌ ፊት ቆምኩ። እስትንፋሴ አልመለስ አለኝ። በአማርኛ ብናገር ሁሉም ይሰማል። በወላይትኛማ አይታሰብም። አሥራ አንደኛው እየተነቃነቀ ነው።

«ሮው ፎር» አልኩ። «ሮው ፎር ኢዝ ዘ ቤስት።»

«ምን?» አሉ በአማርኛ።

«ፕሊዝ፣ እንግሊሽ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። «ሮው ፎር ኢዝ ዘ ቤስት። ዘ ሄልዚየስት። ሮው ፎር ኢዝ ስትሮንገር ዛን ሮው ቱ። ስትሮንገር ዛን ኦል። ናይን ይርስ፣ ኖ ዲዚዝ። ፕሊዝ።»

ከሁሉ ይበረታል፣ ዘጠኝ ዓመት በሽታ አያውቅም ማለቴ ነበር። ደብተሬ ውስጥ ለሦስት ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ይህን ያህል ቃል አከታትዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው አዩኝ። አንደኛው «ልጁ አበደ እንዴ?» አለ።

አቶ ደግፌም ወደ እንግሊዝኛ ዞሩና ታዲያ ለምን የባሰው ብለህ ጻፍክ አሉኝ። መልሱን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። በየትኛውም ቋንቋ አላውቀውም። በጣቴ ሁለተኛውን ረድፍ አሳየሁና «ካት» አልኩ፤ ቁረጡት ማለቴ ነው።

ከዚያ ቢላቸውን በእሳት አለብልበው ከሁለተኛው ረድፍ የአንዱን ቅጠል ሥር ቆረጡ። ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ቢጫው ዝልግልግ ቀስ ብሎ ወጣ። ተነሥተው ወደ ተጋደሙት አሥሩ ሄዱና የተቆረጠውን ግንድ አዩ። እንደ ወተት ነጭ ነው። ሁለተኛውን አዩ። ሦስተኛውን። አሥሩንም አዩ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«እማማ» አሉ፣ «ስለዚህ ረድፍ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?» አለች አዬ። «ይህ አራት ቁጥር ነች። እሱ አይረባም።»

አቶ ደግፌ እሷን አዩ። አጥሩ ጋ ያሉትን አዩ፤ አንጁሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ እኔን አዩ። ሦስት ዓመት እኛ ጋ የተመላለሱ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ገና የደረሱ መሰሉኝ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ ለቆፋሪዎቹ ጮክ ብለው። «ይህ የማይረባው ይቅር። መነቀልም አይገባውም። ቁጥር ሁለትን ንቀሉ።»

አሥራ አንደኛው ሥሩ በዶማ ተሰነጣጥቆ ግማሽ ወጥቶ ስለነበር ማታውኑ አዘመመና ወደቀ። ተቆራርጦ ከታመሙት ጋር ጉድጓድ የገባ ሥር ችግኝ አይወጣበትም፤ የቀሩት ሦስት ናቸው።

መኪናው ሊነሳ ሲል ለአቶ ደግፌ ሶዶ የፈረምኩትን ነገርኳቸው። ያ ወረቀት ከእሳቸው በላይ እንደሚሄድና መልሰው ሊቀጥሩኝ እንደማይችሉ ነገሩኝ። «ለምን ሁለት ወር ዝም አልክ?» አሉኝ። «እሺ» አልኩ፤ ሌላ አልመጣልኝም። ይህን ጊዜ አልሳቁም።

ሲመሽ አዬ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ቁጭ አልኩ።

«በፈረንጅ አፍ ምን አልከው?»

«ቁጥር ነው የነገርኩት።»

«ቁጥር ብቻ?»

«ቁጥር ብቻ።»

«ከግንቦት ጀምሮ የሆነ ነገር አንቆህ ነበር» አለች። «እያየሁ ዝም አልኩህ። የአሥራ አንዱ ጥፋት የሁለታችን ነው።»

ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ሦስት እንሰት ደርሰው፣ ሥራቸው ተቀብሮ፣ ችግኛቸው ለስንት ጓሮ ይዳረሳል? ስንት ዓመት? ቦልቴ ሰባ አልፎታል።

በማግስቱ ጠዋት አዬ ከወደቁት አሥራ አንዱ ደረቅ ቅጠል ለቅማ በሦስቱ ዙሪያ አሰረችባቸው፤ ለሚያልፍ ሰው የታመሙ እንዲመስሉ። እኔ ገመዱን እይዝላት ነበር። ቦልቴ በአጥሩ በኩል መጣና ቆመ።

«እነዚህ ሦስቱ አልሞቱም እንዴ?» አለ።

«ሊሞቱ ነው» አለች አዬ፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች።

«ይመስላሉ» አለ። ወደ እነሱ አላየም። በትከሻው የተሸከመውን አንድ ቅርጫት ፍግ ከአጥራችን ውስጥ በኩል አስቀመጠና፣ ቅርጫቱ ይመለስልኝ ሳይል ወደ ባዶ ጓሮው ሄደ።